በእኔ ስም የመጣ መድኃኒት

የመጡት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው፤ መድኃኒት ማደያው መስኮት ፊት ሰልፉ በረዘመበት ሰዓት። ሁለት ነበሩ፤ የደንብ ልብስ አልለበሱም። አንደኛው ሰልፉን ይዞ ተራውን ጠበቀ። ሲደርሰው እንደ ማንኛውም በሽተኛ እጁን በመስኮቱ አስገብቶ ወረቀት ሰጠኝ። የሐኪም ማዘዣ መስሎኝ የመድኃኒቱን ስም ፈለግሁበት። የተጻፈው የእኔ ስም ነበር።

«ጋውንህን አውልቀህ ና» አለኝ። ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የፋርማሲ ባለሙያ ነበርሁ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ በስልኬ እጽፋለሁ፤ ኢንተርኔት ላይ የአገሬው ወጣት የሚያነበው አንድ ገጽ ነበረኝ። ምላሴ ስለታም ነበር፤ አሁን ሳስበው ከሚገባው በላይ ስለታም። በዚያ ዓመት አንድ አጥማቂ ወደ አካባቢያችን መጥቶ ሕዝቡን በጠበል ያጠምቅ ጀመር። ስለ ጠበሉ ክፉ አልጻፍሁም፤ እኔም ጠበል እየተጠመቅሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። የጻፍሁት ሰውየው ሕመምተኞችን «እምነት ካላችሁ ኪኒናችሁን ጣሉት» ስለሚላቸው ነው። የሚጥሉት ደግሞ ከእኔ መስኮት የወሰዱትን የኤች አይ ቪ ዕድሜ ማራዘሚያ ነበር።

ሰው እንዲያምነኝ ብዬ የአንድ ሰው ታሪክ ጨመርሁበት። «ከማንኩሳ ማዶ ያሉ አንድ ጥምጣም ያደረጉ አባት ኪኒናቸውን ጥለው፣ በቃሬዛ ተመልሰው መጡልን» አልሁ። ስም ስላልጻፍሁ የተጠነቀቅሁ መስሎኝ ነበር። ጽሑፉ በአንድ ቀን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋለ። የአጥማቂው ተከታዮች ከሥሩ ያሰፈሩትን ሁሉ አልደግመውም፤ በጣም ለስላሳው «ምላስህ ይጎልጎል» የሚለው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ፊርማ አሰባስበው ከሰሱኝ። ክሱ «ሃይማኖትን በማንቋሸሽ ሁከት ማነሣሣት» ይላል። ያን ጊዜ መንግሥት ሁከት የሚል ቃል ሲሰማ ጆሮው ይቆም ነበር፤ እኔን ለማሰር ሃይማኖተኛ መሆን አላስፈለገውም።

ያስገቡኝ ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ሰው ነበር። ሽታው ከበሩ ላይ ተቀበለኝ፤ የእግር፣ የሽንት ባልዲ፣ የትናንት ሽሮ። ግድግዳው ሰው ተቀምጦ በሚደገፍበት ከፍታ ልክ በጀርባ ታሽቶ ጠቁሯል። ቆርቆሮው ከላይ ያቃጥላል፣ ሲሚንቶው ከታች ያቀዘቅዛል። ከዋናው መንገድ የፈረስ ጋሪ ኮቴ ይሰማል።

የክፍሉ ሽማግሌ አንድ ቄስ ነበሩ። በድንበር ጠብ ሰው ተፈንክቶ ከዘመዶቻቸው ጋር የተያዙ ናቸው። እስረኛው ጠዋት በእሳቸው ጸሎት ይነሣል፤ ስንቅ የመጣለትም ያልመጣለትም እሳቸው ባርከው የቆረሱትን በአንድ ማዕድ ይበላል። ይህ የክፍሉ ሕግ ነው።

«አንተ ልጅ፣ በምን መጣህ?» አሉኝ ከተቀመጡበት።

ድምፃቸውን ስሰማ አወቅኋቸው። በየወሩ ጥምጣማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው መስኮቴ ላይ የሚመጡት ሰው ናቸው። ፊታቸውን ደኅና አድርጌ አይቼው አላውቅም፤ ድምፃቸው ግን የቅዳሴ ድምፅ ስለሆነ አይረሳም። ጽሑፌ ውስጥ በቃሬዛ፣ ያን ቀን ብቻ ከነጥምጣማቸው፣ የመጡት አባት እሳቸው ናቸው። እሳቸውም እንዳወቁኝ ከዓይናቸው አየሁ።

«በጽሑፍ ነው፣ አባ» አልሁ።

«ያ ስለ አጥማቂው የጻፈው ነው!» አለ አንዱ ከጥግ።

ቄሱ ከተቀመጡበት ተነሡ። ከዚያ የእጅ መስቀላቸውን አወጡ። «ከዚህ ልጅ ጋር አንድ ማዕድ የቆረሰ፣ በአንድ ጣሳ የጠጣ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል የተገዘተ ይሁን።»

ግዝት ላላደገበት ሰው ቀላል ነገር ይመስለው ይሆናል። እኛ አገር ፖሊስ ያላወጣውን ሌባ ግዝት ያወጣዋል። አሥራ ሁለት ሰው እግሩን ከእግሬ ሰበሰበ።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበርና ማዕዱ የሚቀርበው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሲቀርብ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ከወዲያኛው ጥግ ብቻውን የሚበላ አንድ ሙስሊም ነበር፤ የገበያው ጨርቅ ነጋዴ።

«ና ወዲህ፣ ወንድሜ» አለኝ። «የእሳቸው ግዝት እኔ ዘንድ አይደርስም።»

ክፍሉ ሳቀ። የቄሱም ከንፈር ትንሽ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከነጋዴው ጋር በላሁ። ጾሜን እንዳልሽር ብሎ ከቤቱ ምስር ወጥ እንዲልኩለት አዘዘ።

በማግሥቱ መርማሪው ዘንድ ወሰዱኝ።

«ይኸ በቃሬዛ መጣ የምትለው አባት በእርግጥ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ስሙን ስጠኝ። ጠርቼ ቃሉን እቀበላለሁ፤ አንተ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ። ከሌለ ግን ውሸት ጽፈህ ሕዝብ አነሣሥተሃል። ያኔ የምናወራው ስለ ዓመታት ነው።»

የሚፈልጉት ሰው ከዚያ ጠረጴዛ ሃያ እርምጃ ርቀው ዳዊታቸውን እየደገሙ ነበር።

«የበሽተኛ ስም አልሰጥም» አልሁ።

«ዶክተር መሆንህ ነው?» አለና ሳቀብኝ።

ጠዋት ጠዋት ለመጸዳጃ ሁለት ሁለት እየሆንን እንወጣለን። በሦስተኛው ቀን ፖሊሱ ከቄሱ ጋር አጣመረኝ። ከመጸዳጃው ቆርቆሮ ጀርባ ስንደርስ ወደ መሬት እያዩ ተናገሩኝ።

«ጠየቁህ?»

«ጠይቀውኛል።»

«ነገርሃቸው?»

«አልነገርሁም።»

«ጽሑፍህን የልጄ ልጅ በስልኳ አነበበችልኝ» አሉ። «‹ከማንኩሳ ማዶ› አልህ። ‹ጥምጣም ያደረጉ› አልህ። በእኛ ደብር ስንት ቄስ ያለ መሰለህ? ሦስት ነን። ከሦስታችን በሕመም ከስቶ የሚታየው እኔ ብቻ ነኝ።»

ፊቴ ጋለ። ያን ሁሉ ጊዜ ከአጥማቂው ጋር የተሟገትሁት ሰው ለማዳን ነው፤ የሰውየውን ገመና ግን በገዛ እጄ ከመስኮቴ አውጥቼ ገበያ ላይ አስጥቼዋለሁ። አጥማቂው እንኳ ይህን አላደረገባቸውም።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባ።»

«ገና ነው» አሉ።

«መድኃኒትዎስ?»

«ዝም በል።»

«ስንት ቀን ሆነዎት?»

በጣታቸው ዘጠኝ አሳዩኝ። ሚስታቸው አንድ ጊዜ በሶ ውስጥ ደብቀው አምጥተው ነበር። በሩ ላይ ፖሊሶቹ የሰዉን ስንቅ በእንጨት ሲያገላብጡት ከሩቅ አዩና ከሰልፉ ወጥተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ አልሞከሩም።

ዘጠኝ ቀን ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። በሽታው መድኃኒቱን ከለመደው፣ ሌላ መድኃኒት እንደ ልብ የሚገኝበት ጊዜ አልነበረም። በግዝታቸው ተናድጄባቸው ነበር፣ አዎ። አንድ ቃል ብናገር ግዝቱም እስሩም በአንድ ቀን ያበቃልኛል። አላሰብሁትም ብል ውሸት ነው። ቀኑን ሙሉ አሰብሁት።

በጠያቂ ቀን አንድ የሥራ ባልደረባዬ መጣ። በሽቦው ማዶ ቆሞ ሲያየኝ ከሳህ አለኝ።

«ጨጓራዬ ተነሥቶብኛል» አልሁት። «የዘወትር መድኃኒቴን በጨጓራ ብልቃጥ አድርገህ ላክልኝ።» ብዬ የካርድ ቁጥር ነገርሁት፤ የቄሱን ቁጥር። እሱም ያን ካርድ ያውቀዋል። ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ቆየና «እሺ» ብሎ ሄደ።

በማግሥቱ ብልቃጡን ይዞ ሲመጣ ከፊቱ እጮኛዬ ተሰልፋ ነበር። ቡሬ ታስተምር ነበር፤ በሳምንት ሁለቴ በሚኒባስ እየመጣች ስንቅ ታቀብለኛለች። ሠርጋችን ለዳግም ትንሣኤ ማግሥት ተቆርጦ ነበር። ፖሊሱ የእሷን ምሳ ዕቃ አገላብጦ መለሰላትና የባልደረባዬን ብልቃጥ ተቀበለ። ፍሬውን መዳፉ ላይ ገለበጠው።

«ይኸ የጨጓራ አይደለም» አለ። «እኅቴ ትወስደዋለች። ዕድሜ ማራዘሚያ ነው።» ክፋት አልነበረውም፤ ተፈጥሮው ጮክ ብሎ መናገር ነው። «የማን ነው?»

ግቢው በሙሉ ሰማ። ከኋላዬ እስረኛው ፀሐይ ሊሞቅ ወጥቷል፤ ቄሱ ከመካከላቸው ቆመዋል። መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር። ከፊቴ እጮኛዬ አለች።

«የእኔ ነው» አልሁ።

እጮኛዬ ምሳ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። አልጣለችውም፤ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መናኸሪያው ሄደች። ልጠራት ፈልጌ ነበር፤ ጠርቼ ምን እንደምላት አላወቅሁም።

ክፍሉ ውስጥ ውኃ የምንጠጣው ከአንድ ጀሪካን በአንድ ጣሳ ነበር። ያን ዕለት ለእኔ የፕላስቲክ ውኃ መያዣ ለሁለት ቆርጠው የብቻዬ ኩባያ ሠሩልኝ። «አፉ ነው ያስቀሠፈው» አለ አንዱ፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ። ነጋዴውም ምስሩን በክዳኑ ለይቶ ሰጠኝ። «ልጆች አሉኝ፣ ወንድሜ» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። ገብቶኛል አልሁት፤ ግን ከስድቡ ሁሉ የበለጠ ያ ክዳን አመመኝ።

መጸዳጃም ለብቻዬ ይወስዱኝ ጀመር። ብልቃጡ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ቄሱ ከእኔ አራት ክንድ ርቀው ነው የሚቀመጡት። የክፍሉ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ስለሆነ ያችን አራት ክንድ መሻገር አልቻልሁም። ኪኒኑ ከመጣ በኋላም ሌላ አንድ ቀን አለፈ።

በማግሥቱ ማዕዱ ሲቀርብ ቄሱ ተነሡ። «ልጆቼ፣ የታመመ አይገዘትም» አሉ። «ፈትቼዋለሁ። እናንተንም እግዚአብሔር ይፍታችሁ።» መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ላብ ላብ ይሸታሉ፤ ጉንጫቸው ካለፈው ሳምንት ይልቅ ጎድጉዷል።

«ውኃ አጠጣኝ» አሉኝ። ዓይናቸው ያረፈው የብቻዬ ኩባያ ላይ ነው።

ገባኝ። ኪኒኑን በጣቶቼ መካከል ይዤ፣ ከጀሪካኑ ስቀዳ ኩባያው ውስጥ ጣልሁት። ተቀበሉኝና ባንድ ትንፋሽ ጨለጡት።

ክፍሉ ደነገጠ። ከዚያ አንዱ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ሌላውም ተከተለ። «እንዲህ ነው አባት ማለት» አለ ነጋዴው ሳይቀር።

ተናደድሁ። በሽታቸው በእኔ ስም ተጽፎ፣ ቅድስናው ለእሳቸው ሆነ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከኩባያዬ ጠጡ፤ በየቀኑም ተመሰገኑ። አራተኛው ቀን ላይ ይመስለኛል፣ ኩባያውን ሲመልሱልኝ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«የእኔን ሸክም ይዘሃል» አሉ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «አውርደው እንዳልልህ ድፍረቱ የለኝም። ፈሪ ነኝ፣ ልጄ።»

«ይጠጡ፣ አባ» አልሁ። ንዴቴ አልጠፋም፤ ግን ከዚያ በኋላ እጄ ውኃውን ሲቀዳ ቅሬታ አልነበረውም።

መርማሪው እንደገና ሲያስጠራኝ የመድኃኒቱን ወሬ ሰምቶ ነበር። «ታዲያ ስለ ራስህ ነዋ የጻፍኸው!» አለኝ። «ጥምጣሙን ጨመርህበት እንጂ።» ዝም አልሁ። ዝምታዬን እንደ እሺታ ጻፈው። ከሳሾቼም ተጠርተው «እግዚአብሔር ፈርዶበታል፤ እኛ ምን እንጨምርበት» ብለው ክሳቸውን አነሡ። ገጼን እንድዘጋ አስፈርመው ለቀቁኝ። ስወጣ የቄሱን መስቀል ለመሳለም ጎንበስ አልሁና የቀረውን ኪኒን በወረቀት ጠቅልዬ መዳፋቸው ውስጥ አኖርሁት። ጣታቸው ገጠመበት።

ውጭ የጠበቀኝ ነገር ከክፍሉ አልተሻለም። የአጥማቂው ሰዎች «በሽተኛው ራሱ ነው፤ አልድን ቢለው ነው ጠበል የሚሳደበው» እያሉ ጻፉ። እውነት የጻፍሁት ሁሉ ዋጋ አጣ። በሚቀጥሉት ወራት ከመስኮቴ የቀሩ ሰዎች ነበሩ። የሁለቱን ለቅሶ ደርሻለሁ። የእነሱን ሞትና የቄሱን ምሥጢር ሚዛን ላይ አስቀምጬ አላውቅም፤ አልደፍርም።

ተመርምሬ ነጻ መሆኔን የሚገልጽ ወረቀት ይዤ ቡሬ ሄድሁ። እጮኛዬ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቆማ አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ታዲያ ኪኒኑ የማን ነበር?»

«አልነግርሽም።»

«ለእኔም?»

ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ።

«እዚያ ሁሉ ሰው ፊት አዋረድኸኝ። አሁን ደግሞ እውነቱን ደጅ ላይ ታስቀረኛለህ» አለች። «ምንህ ልሆን ነው የምታገባኝ?»

ልክ ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው አገባች። ወረቀቱን ከእሷ በቀር ለማንም አላሳየሁም፤ ባሳይ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው እሷ የጠየቀችውን ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ እስከ ዛሬ በሽተኛ ነው የሚሉኝ አሉ። አሁን የምሠራው ሌላ ከተማ ነው። አልፎ አልፎ እጽፋለሁ፤ ስለ ሰው ስጽፍ ግን አገሩንም መልኩንም እለውጣለሁ። እዚህም ለውጫለሁ።

በቅርቡ ከዚያ አገር የመጣ አንድ ሰው ምሳ ቤት አገኘሁና አብረን ተቀመጥን። ሳልጠይቀው ስለ ደብራቸው አነሣ፤ ስለ አንድ ሽማግሌ ቄስ። «ዘንድሮም ፋሲካን ቀደሱ» አለኝ። «ድምፃቸው እንደ ድሮው ነው። እኝህን ሰውዬ ምን እንደሚያቆማቸው እግዜር ይወቅ።»

ደስ አለኝ። በእውነት ደስ አለኝ። ምሳዬን ግን መጨረስ አቃተኝ።