በዱላ የተጫረ መሬት

ትናንት በመሬት ጽሕፈት ቤታችን ደጅ ተራ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ መሬቱን በዱላቸው ጫፍ ሲጭሩ ሰማሁ። ያ ድምፅ በጎባ ወዳሳለፍሁት ልጅነቴ መለሰኝ።

ጓደኛዬ ከድር ከእኛ ቤት እያደረ ከእኔ ጋር እንዲማር፣ አባቱን ኦቦ ቃሲምን ለመለመን ቆርጬ ነበር። ኦቦ ቃሲም ከጎሮ በፈረስ መጥተው ደጃችን ካለው የጥድ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ስለ ትምህርት ቤቱ ስነግራቸው አንድ ጊዜም ቀና ብለው አላዩኝም፤ መሬቱን በዱላቸው ይጭራሉ። የሰለቻቸው መስሎኝ ንግግሬን አቋረጥሁ።

እርጎ ይዛ የመጣችው እናቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ «ዓይናቸውን ተወው፤ እግራቸውን እይ። የሰለቸው ሰው እግሩ ፈረሱ ወዳለበት ይዞራል» አለችኝ።

ነገሩ በቅጡ አልገባኝም። ነገር ግን ፈረሱ የታሰረው ከአጥሩ ጥግ ነበር፤ የኦቦ ቃሲም ጭቃ የነካው ጫማ ደግሞ ወደ እኔ ዞሯል። ስለዚህ ልመናዬን ቀጠልሁ።

ስጨርስ የጫሩትን በዱላቸው አመለከቱኝ። «ይህ ቤታችሁ ነው፤ ይህ በሩ። ከድር የሚተኛው በየትኛው ጥግ ነው?»

«ከእኔ ጎን፣ በግድግዳው በኩል።»

«ስትተኛ ትራገጣለህ?»

«ጥቂት።»

«እሱም ይራገጣል። ትስማማላችሁ።»

ትናንት ወጥቼ ከሽማግሌው አጠገብ ቁጢጥ አልሁና፣ «ጉዳይዎ ይህ ነው?» ስል የጫሩትን አሳየኋቸው።

«አዎ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «እዚህ ጋ ወንዝ አለ።»