ከጓዳው መሬት የወጣ ጨው

ስለ አማቴ ቤት ሲጠይቁኝ ሁልጊዜ ወሬ እለውጥ ነበር። አሁን ከእነሱ ወገን የቀረ የለም፤ ልጻፈው። ተቀምጬ ግን አልጨርሰውም፤ ሁለት መስመር ሳልሞላ ተነሥቼ በሩን አያለሁ።

ቤተ መንግሥቱ ገና አንኮበር ሳለ፣ ደብረ ብርሃን ካለው ከቄሱ አባቴ ቤት ወጥቼ ለአንድ ፈረንጅ ሐኪም አስተርጓሚ ተዳርኩ። በአንኮበር ጉም ጨው ያለ ጢስ ክረምቱን አይዘልቅም፤ ሁሉም ሰው አሞሌ ጨውን ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ያኖራል። አማቴ ግን እንግዳ ሲበዛባት «ዓይን ይበላዋል» ብላ አስወረደችና ጓዳ ውስጥ ባዶ መሬት ላይ አስደረደረችው።

ባሌ አንድ ቀን እራት ላይ የፈረንጁን ወሬ እየሳቀ አመጣ። «ጨው አንድ ነገር አይደለም ይላል። ዓይን የማያያቸው ሁለት ዓይነት ቅንጣቶች አንድ ለአንድ ተጣምረው ነው አሉ። አንዱ እንደ ቅቤ የሚቆረጥ፣ ውሃ ሲነካው የሚነድ ብረት። ሌላው ክሎር የሚሉት፣ ደረት ቆልፎ የሚገድል አረንጓዴ ቢጫ አየር።»

አማቴ አማተበች። «ታዲያ እኛ እንዴት ሳንሞት ቀረን?»

«ሲጣመሩ ጠባያቸው ይለወጣላ!»

«ውሃ ሲያሟሟውስ ይጠፋል?» አልኩ።

«አይጠፋም። ውሃው ውስጥ ይበተናል፤ ውሃው ሲደርቅ ተመልሶ ይጣመራል።»

ክረምቱ ሲወጣ አማቴ ጓዳ ገብታ ጮኸች። አሞሌዎቹ እንደ ተጋጠ አጥንት ቀጥነዋል። «ይቺ የቄስ ልጅ እየፈረፈረች ለወገኖቿ ትልካለች!»

ባሌ አጠገቧ ቆሟል። ያን የእራት ላይ ወሬ እንዲናገር ዓይን ዓይኑን አየሁት፤ እሱ ጣራ ጣራውን አየ። ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ ሌባ ተብዬ ወደ አባቴ ቤት የምመለስበት በቅሎም ደጅ ላይ ተጫነ። ልጁ ሌባ ከተባለች አባቴ በምን ፊቱ መቅደስ ይገባል?

ቁጭ ማለት አቃተኝ። ከጓዳ ደጅ፣ ከደጅ ጓዳ ስመላለስ አሞሌው የነበረበት መሬት እግሬን አረጠበው። አፈሩን ፍቄ በውሃ በጠበጥኩ፣ አጠለልኩ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ድስት ጥጄ እስኪደርቅ አፈላሁ። ድስቱ ግርጌ ነጭ ቅርፊት ቀረ። ትልቁ ሽማግሌ በጣታቸው ቀመሱ።

«ጨው ነው! በሉ እሜቴ፣ እንግዲህ መሬቱን ይክሰሱ!»

ሁሉም ሳቁ። «ደግሞ አፈር ቀቃይ ሆነች!» አለች አማቴ። ባሌ ደረቱን ነፋ። «እኔ ነኝ ያስተማርኳት።»

እስከዚያች ቃል ድረስ በዚያ ቤት ልቀመጥ አስቤ ነበር።

«ሰማችሁት አባቶቼ? ያውቅ ነበር» አልኩ።

«ንጹሕ ነሽ ልጄ፤ ቤትሽ ግቢ» አሉኝ። ከበቅሎዋ ላይ ኮርቻውን ሊያወርዱ ሲሉ «ተዉት» ብዬ ወጣሁባት። ድስቱን ከነጨው ለአማቴ ተውኩላት።