ለመልቀቂያ የላክሁት ሽማግሌ

ጻፍ እንግዲህ የልጄ ልጅ። እናትህ ዩኒቨርሲቲ ረዳት አስተማሪ ሆና ስትገባ ያየሁትን ነው የምነግርህ።

ያኔ ተመርቃ ሶፊ የሚባል አገር ያለ ትምህርት ቤት ደርሷት ፊዚክስ ታስተምር ነበር። ደመወዟ ወር ጠብቆ ይመጣል፤ እኔም ፈላና በር ገበያ ሽንኩርቴን እየሸጥኩ ማታ ደህና እተኛ ነበር።

ኋላ ዩኒቨርሲቲው ረዳት አስተማሪ ፈለገ። ውጤቷ ይበቃል፣ ፈተናውንም አለፈች። ግን የመንግሥት ሠራተኛ ናትና ከትምህርት ቤቱ መልቀቂያ ካላመጣች አትቀጠርም። እስከ ዓርብ ካልሆነ ቦታው ለተጠባባቂው ነው አሏት። ዳይሬክተሩ ደግሞ አልለቅም አለ።

«ጥለሽው ሂጂ» አልኳት።

«ያለ ወረቀት አይቀበሉኝም እማዬ። ከሁለት ያጣሁ ልሆን ነው።»

ረቡዕ ዕለት ሽማግሌ ላክሁ፤ አዎ፣ ልጅ እንደሚጠየቅበት። የነፍስ አባታችንንና ጎረቤታችንን ሐጂን። ሐጂ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እኔም ተከትዬ ቢሮው ደጅ ቆምኩ።

«ተቀመጡ አባቶቼ» አለ ዳይሬክተሩ።

«እሺ ሳንባል አንቀመጥም» አሉ ቄሱ።

ሳቀ። «እኔ እኮ ለዳር የደረሰች ልጅ የለችኝም።»

«አለችህ እንጂ። ያቺን የፊዚክሷን ስጠን» አሉ ሐጂ።

ሳቁን ተወ። «ልጆቹ ዘንድሮ ተፈታኝ ናቸው አባቴ። እሷን ሰጥቼ ማንን ላቁምላቸው?»

ሽማግሌዎቹ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። እሱም አልተቀመጠም፤ ትልቅ ሰው ቆሞ እንዴት ይቀመጣል? የሐጂ ከዘራ ሲሚንቶውን ሲፍቀው ይሰማኛል። እኔ ጭንቅ ውስጥ ነኝ፤ ጉልበታቸው ከድቷቸው ቢቀመጡ ነገሩ አለቀ።

«ወላሂ ፀሐይ ጠልቃ እስከ መግሪብ ሶላት እቆማለሁ» አሉ ሐጂ።

«እርስዎስ ይቆማሉ፣ የምወድቀው እኔ ነኝ» አለ። እስክሪብቶውን አንስቶ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ትጨርስላቸው። ቃሏን ትስጠኝና ልፈርም።»

«ትመጣለች» አልኩ ከደጅ፣ ሳላስበው።

«እሳቸው ደግሞ ማን ናቸው?»

«የሙሽራዋ እናት» አሉ ቄሱ።

ወረቀቱ ለዓርብ ደረሰ። ጭንቀቱ ግን መች አለቀ? የትምህርት ቤቱ ደመወዝ ወዲያው ተቋረጠ፤ የዩኒቨርሲቲው ደግሞ ፋይሏ አላለቀም እየተባለ ወራት ቆየ። የሶፊ መሳፈሪያዋን ከሽንኩርቴ ነበር የምሰጣት። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እስክትመለስ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው። ልጆቹ እስኪፈተኑ አንድም ቀን እንድትቀር አልፈቀድኩላትም። አንድ ቅዳሜ አሟት ልተኛ ስትል እንኳ ቀስቅሼ ልኬያታለሁ። ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ በዚያ ጉልበታቸው የቆሙላት ደግሞ ሐጂ።