ጤፍ የፈጨችው ኮምቢያችን

ባለቤቴ ለአንድ ፈረንጅ መምህር ሾፌር ነበር። ሰውየው አብዮቱ በፈነዳ በዓመቱ ወደ አገሩ ሲመለስ ኮምቢ መኪናውን ለሱ ትቶለት ሄደ። ተራ ኮምቢ አይደለችም። ውስጧ ታጣፊ አልጋ፣ ትንሽ ምድጃ፣ ቁም ሣጥን፣ ሰማያዊ መጋረጃና እንደ ጃንጥላ ብድግ የሚል ጣሪያ ነበራት። ቤንዚን በኩፖን ሲሆን፣ በዚያ ላይ ሞተሯ ነክሶ አልዞር ሲል፣ ልደታ ግቢያችን ውስጥ ቆመች። እኔ የወደድኳት ያን ጊዜ ነው። ሽሮና በርበሬዬን በሣጥኖቿ ውስጥ ደረደርኩ። ዶሮዬ የሾፌሩ ወንበር ላይ መጣል ጀመረች። እንግዳ ሲመጣ እዚያ እናስተኛለን። የማትሄድ መኪና ማንንም አትገጭም፣ ገደልም አትገባም። ለኔ ከዚያ የተሻለ መኪና አልነበረም።

ባለቤቴ ግን ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት ግንባሯን በጨርቅ ይወለውልና «አይዞሽ» ይላታል። እኔን ምጥ ይዞኝ እንኳ አይዞሽ ያለኝ ትዝ አይለኝም።

ናዝሬት የተዳረችው የመጀመሪያ ልጄ ወንድ ልጅ ተገላገለች። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ነው። በዚያው ሰሞን እኔ ወባ ጥሎኝ ስለነበር አራሷን አማቷ አረሷት። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። «ለክርስትናው ግን በቃሬዛም ቢሆን እመጣለሁ፤ ልጁን ሳላቅፍ ድግስ እንዳትጀምሩ» ብዬ ላክሁባት። ክርስትናው ቅዳሜ ነበር።

«በኮምቢያችን ነው የምንሄደው» አለ ባለቤቴ።

«በየትኛው ሞተር?»

«አግኝቻለሁ። የናፍጣ ነው። ናፍጣ እንደ ቤንዚን አያስለምንም። ደግሞ አዲስ ነው! ከተገለበጠች ፒክአፕ ላይ የወጣ።»

«የተገለበጠ ሞተር?»

«የተገለበጠችው ፒክአፗ ናት። ሞተሩ ምን አደረገ?»

«አብሯት አልነበረም?»

እኔም በልቤ አውቶቡስ አሰብኩ።

ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንድ መካኒክ አመጣ። ቀጭን፣ ሲያወራ የማይጨርስ ሰው ነው። ሞተሩን በስንዝር ለካ፣ የኮምቢዋን የኋላ ሆድ በስንዝር ለካ፣ ከዚያ ራሱን አከከ። ሞተሩ አይገባም። የድሮው ሞተር በነፋስ ነበር የሚቀዘቅዘው፤ ይሄኛው ግን ውሃ የሚጠጣ ራዲያተር አለው፤ ቁመቱም ይበልጣል። ስለዚህ የአልጋዬን ሆድ ቀደዱት።

«እትዬ፣ አይዘኑ» አለኝ መካኒኩ፤ «ሞተሩ ከአልጋው ሥር ነው የሚሆነው። ፍራሹ ሁልጊዜ ይሞቅልዎታል። ክረምት ሲገባ ይመርቁኛል።»

«እሳት ላይ ልታስተኛኝ ነው?»

«በላዩ ቆርቆሮ አለው፣ በቆርቆሮው ላይ ጣውላ አለው።»

እኔ አሸዋ በባልዲ ሞልቼ አጠገባቸው አስቀመጥኩ። ባለቤቴ በመጀመሪያው ሙከራ በደስታ ዘሎ የሾፌሩ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የዶሮዬን እንቁላል ጨፈለቀ፤ ሱሪው እንደዚያው ሆኖ ቁልፉን አዞረ።

ሞተሩ ተነሣ። ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ! የመስኮታችን መስተዋት ተንቀጠቀጠ። ግድግዳ ላይ የነበረው የሠርጋችን ፎቶ ዞረ። ባለቤቴና መካኒኩ ተቃቅፈው ሲዘሉ የግቢያችን በር ተንኳኳ።

ከኛ ዝቅ ብለው የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። ጤፍ በከረጢት አዝለዋል። ከኋላቸው ሌላ ሴት ገብስ ይዛለች፤ ከሷ ኋላ በርበሬ፤ ከዚያ ኋላ እስከ መንገዱ ድረስ ሴት ብቻ። ጌጃ ሰፈር ያለው የቀበሌው ወፍጮ ሞተሩ ተቃጥሎ ሰንብቷልና ሰው ዱቄት ቸግሮታል። ናፍጣ ሞተር በሰፈር ውስጥ ሲጮኽ ደግሞ ወፍጮ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

«እንኳን ደስ አላችሁ» አሉ እማማ፤ «ወፍጮ መትከላችሁን ለጎረቤት አትነግሩም?»

«እማማ፣ ይሄ እኮ መኪና ነው» አለ ባለቤቴ።

«መኪናስ ቢሆን? እኔ ጤፌ ይፈጭልኝ እንጂ።»

ወሬው የቀበሌው ሊቀመንበር ዘንድ ከኛ ቀድሞ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ካኪያቸውን ለብሰው መጡ፣ ሞተሩን ዞረው አዩት፣ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ጥሩ ሞተር ነው» አሉ። «ይውጣና ለሰፊው ሕዝብ ይፍጭ።»

ባለቤቴ በሳቸውና በሞተሩ መካከል ገባ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ የልጅ ልጃችን ክርስትና ቅዳሜ ነው። ለናዝሬት የይለፍ ወረቀትም ከእርስዎ ልንጠይቅ ነበር።»

«እፈርማለሁ። ወረፋው ሲያልቅ።»

የይለፍ ወረቀት ከሌለ ደግሞ በኮምቢም ሆነ በአውቶቡስ ከኬላ አይታለፍም። እኔ የታየኝ ግን ሌላ ነው፤ ሞተሩን ሲያወጡ የቀረችውን የአልጋዬን ግማሽ ሊቀድዱብኝ ነው። ስለዚህ ሳላስብ ከአፌ ወጣ፦

«ሞተሩ ከሚወጣ፣ መኪናዋ አብራው ሄዳ ብትፈጭስ?»

ባለቤቴ በሀፍረት መሬት መሬት አየ። መካኒኩ ግን እጁን አጨበጨበ። «ይቻላል! የኋላውን ጎማ በክሪክ እናነሣዋለን፣ ጎማውን አውልቀን የወፍጮውን ቺንጋ እንደ ቀበቶ በባዶው ቸርኬ ላይ እናዞራለን። እትዬ፣ መካኒክ ልሁን ካሉ ጋራዤ ክፍት ነው!»

እንዲህ ሆኖ ኮምቢያችን በሕይወቷ ሁለተኛው ዘመን የመጀመሪያ ጉዞዋን ወደ ወፍጮ ቤት አደረገች። ቂጧን ወደ ወፍጮው በር አዞሯት፣ ክሪክ አስገቡ፣ ቺንጋ አጠለቁ። እኔ ክሪኩ ሸርተት ካለ ሄዳ ሕዝብ እንዳትጨርስ ብዬ በሁሉም ጎማ ፊት ድንጋይ አደረግኩ፣ በገመድም ከምሰሶው ጋር አሰርኳት። ባለቤቴ መሪውን ይዞ ሦስተኛ ማርሽ አስገባ፤ ወፍጮው አገሣ፤ ሴቱ እልል አለ።

ያን ቀን ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የፍጥነቱ መርፌ ስድሳ ላይ ነው፤ እኛ ግን ካለንበት ንቅንቅ አላልንም። በመስኮቱ የማየው ያንኑ ግድግዳ፣ ያንኑ ፍየል ነው። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል የመኪና ጉዞ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

«እንዲህ ነው መንዳት» አልኩት።

«ዝም በይ፣ አንቺ ሴትዮ» አለኝ፤ ዱቄቱ ቅንድቡን አንጥቶታል።

አርብ መሸ፤ ወረፋው አላለቀም። ቅዳሜ በማለዳ ትንንሾቹን ልጆቼን እህቴ ዘንድ ትቼ፣ የአገር ልብሴን ለብሼ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ከረጢቶቹ አንድ በአንድ አለቁ። ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቆመው «የቀረ ሰው አለ?» ብለው ተጣሩ። ደግመው ተጣሩ። መልስ የለም። ወረቀቱን ፈረሙ።

እኔ ቸኩዬ ምንም የምረሳ ሰው አይደለሁም። ድንጋዮቹን አነሣሁ፣ ገመዱን ፈታሁ፣ የጎማውን ብሎን መካኒኩ ሁለቴ እንዲያጠብቅ አደረግኩ፣ የምድጃዋን ክዳን አየሁ፣ የአሸዋ ባልዲዬን ጫንኩ። ከመጋረጃው ጀርባ አልጋውን ብቻ አላየሁም።

እስከ ኬላው ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ ሄድኩ። ጠባቂው ወረቀቱን ተቀበለ።

«ሁለት ሰው።»

«ሁለት ነን» አለ ባለቤቴ ደረቱን ነፍቶ።

ጠባቂው የጎኑን በር ከፈተና መጋረጃውን ገለጠ። ሞቃቱ አልጋ ላይ እማማ ከረጢታቸውን አቅፈው ተጋድመዋል። ቁርጥማት አለባቸው፤ ሁለተኛ ከረጢት ጤፍ ይዘው መጥተው፣ ተራቸው እስኪደርስ ጎናቸውን ሊያሞቁ ገብተው እንቅልፍ ወስዷቸው ኖሯል። ቀስ ብለው ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉና ከረጢቱን ለጠባቂው አስታቀፉት።

«ደረሰ ተራዬ? ጥቁር ጤፍ ነው ልጄ፣ ከሰው እንዳትቀላቅልብኝ። አድቅቀው።»

«እማማ፣ የት ነዎት?»

«ወፍጮ ቤት ነዋ! ከማለዳ ጀምሬ እዚሁ ነኝ።»

ጠባቂው ወደኛ ዞረ። ባለቤቴ «ወፍጮው... ጎማዋ ሲዞር... ቺንጋው...» እያለ ተንተባተበ። ልጄ ልጁን አቅፋ በር በሩን ስታይ ታየኝና ደፍሬ ተናገርኩ፦

«ልጄ፣ መኪናዋ እስከ ጠዋት ወፍጮ ነበረች። አሁን ነው መኪና የሆነችው።»

እውነቱን ነበር የተናገርኩት፤ ስሰማው ግን ለራሴም ያሳፍራል። ጠባቂው ሦስታችንንም ተራ በተራ አየና አለቃውን ጠራ። አለቃው መጥቶ አንገቱን ወደ ውስጥ ሲያስገባ እማማ ተቆጡ።

«አንተ ደግሞ ከኋላ ተሰለፍ! ከኔ በፊት ማንም አይገባም!»

አለቃው የባለቤቴን ነጭ ቅንድብ አየ፣ የሞቀውን ፍራሽ ዳበሰ፣ ዱቄት የነካውን መዳፉን አየ፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሂዱ» አለን። «እኚህን እናት ግን ጤፋቸውን ሳታስፈጩ እንዳትመልሷቸው።»

ሰፈራችን እማማን እስከ ማግስቱ ሲፈልግ ቆይቷል። ሊቀመንበሩ የወፍጮውን የዱቄት ሣጥን ሳይቀር አስፈትሸዋል አሉ።

ናዝሬት ስንደርስ ልጁ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሷል፤ ድንኳኑ ሞልቷል፤ ማዕዱ ግን እኔን እየጠበቀ ገና አልተጀመረም። የኔ በር እንደ ልማዱ አልከፈት ብሎኝ ስታገል እማማ በሰፊው በር ወረዱ። ልጄ ትልቅ ሰው ስታይ ደንግጣ ልጁን እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። እሳቸውም ምርቃቱን ጀመሩት፤ ከዘር ማንዘሩ ተነሥተው ቀስ እያሉ ወደ ልጁ ወረዱ።

እኔ ወጥቼ ሮጬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

«ቆይ ልጄ» አሉኝ ዞር ሳይሉ፣ «ተራሽን ጠብቂ።»

ጠበቅኩ።