የውሰት ኢቃማ

የስፌት መኪና ዘይት ሲሸተኝ ትንፋሼ ያጥራል። ባለፈው ሳምንት ቀሚስ ላሳጥር ከሰፈራችን ልብስ ሰፊ ዘንድ ገብቼ ነበር። ሰውየው የመኪናውን ሆድ ከፍቶ ከትንሽ ጣሳ ዘይት ያንጠባጥብ ነበር፤ ሽታው እንደደረሰኝ እጄ ሳላዘው ሻርፔን ስቦ አፍና አፍንጫዬን ሸፈነ። ሰፊው ቀና ብሎ አየኝና፣ «ጉንፋን ነው እንዴ እትዬ?» አለኝ። «አዎን» አልኩት። አልነበረም።

ሪያድ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ሳለሁ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። በስውር የሚሰበሰብ የጸሎት ኅብረት ነበረን፤ ሁላችንም ተሟልተን ከዐሥራ አምስት አንበልጥም ነበር። አብዛኞቻችን አገር ቤት ተማሪዎች ሳለን በቤተ ክርስቲያን የሕክምና ተልእኮ ወደ ገጠር ወጥተን እናውቃለን፤ መድኃኒት በካርቶን ጭነን፣ በትምህርት ቤት ግቢ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ደርድረን፣ ሲመሽ አቧራችንን አራግፈን የምንዘምርበት ጊዜ ነበር። ያ ነገር በሪያድ አበቃ ብለን ስናስብ፣ ገጠሩ ራሱ ተከትሎን መጥቶ ጉበይራ በሚባል የሪያድ ሰፈር ውስጥ አገኘነው። በጠባብ መንገድ ዳር የቆመ፣ ቀለሙ የተላጠ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ነበር። ነዋሪዎቹ ከጥቂቶች በቀር ከወሎ፣ ከአንድ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ማዶ የመጡ ነበሩ፤ አንዱ ሲያስል ሦስት ክፍል አልፋ ያለች አክስቱ «አብሽር!» ትለው ነበር። ሕንፃውን «መንደሩ» እያልን እንጠራው ጀመር።

ጊዜው እንደ እኛ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ስድስት፣ ወረቀት የሌለው ሰው ከየመንገዱ እየታፈሰ የተባረረበት ኅዳር ገና ያለፈበት ነበር። ከመንደሩ ሰው እኩሌታው የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማለትም ኢቃማ፣ አልነበረውም። ለእነዚያ ሐኪም ቤት መሄድ ማለት በገዛ እግር ወደ ተርሂል፣ ወደ ማባረሪያው እስር ቤት፣ መሄድ ማለት ነበር። ስለዚህ ሐኪም ቤቱ ወደ እነሱ ሄደ።

መሪያችን በዕድሜ የገፉ ፋርማሲስት ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። «የምንሄደው ልናክም ነው፤ ስብከት ይዞ የሚሄድ እቤቱ ይቅር» ብለው ከመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቀውን ነበር። ሰዓቱንም የመረጡት እሳቸው ነበሩ፤ ዓርብ፣ የቀትር ጸሎት ሰዓት። በዚያ ሰዓት ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፤ የሃይማኖት ፖሊሶቹ የሚያንኳኩት ክፍት የሆነውን እንጂ የተዘጋውን አልነበረም። ከሕንፃው ሥር ዓባያ የሚሰፋ አንድ የመንደሩ ሰው ሱቅ ነበረው። እኛንና ሕሙማኑን ያስገባል፤ የብረቱን መዝጊያ ከውጭ አውርዶ ይቆልፋል፤ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወደ መስጊድ ይሄዳል። እስኪመለስ ድረስ በጥቁር ጨርቅ ጥቅሎች መካከል፣ በአንዲት አምፖል ብርሃን፣ በሹክሹክታ እናክም ነበር። ማስነጠስ የመጣበት ሰው ፊቱን ጨርቁ ውስጥ ይቀብር ነበር። የዘይቱ ሽታ ከላባችን ጋር ተቀላቅሎ እስከ ማታ ከልብሴ አይለቅም ነበር።

በአንዱ ዓርብ፣ መዝጊያው ወርዶ ከተቆለፈ በኋላ፣ አንዲት ልጅ መሬት ላይ ተጣጥፋ አየሁ። ከሆዷ በስተቀኝ፣ ከታች በኩል ጫን አድርጌ እጄን ስለቅ ጩኸቷን ለማፈን የሻርፗን ጫፍ ነከሰች። ትኩሳቷ እጄን ፈጀው። ትርፍ አንጀት መሆኑን ለማወቅ ነርስ መሆን እንኳ አያስፈልግም ነበር። ልጅቷ ከአሠሪዋ ቤት ከጠፋች ስምንት ወር ሆኗት ነበር፤ ወረቀት የላትም። እኛ የያዝነው የራስ ምታትና የቁስል መድኃኒት ነበር። ሰፊው እስኪመጣ ደግሞ መውጫ አልነበረንም።

ከጎኗ የተቀመጠችው የአክስቷ ልጅ ነበረች፤ ባሏ በሞተባት በአንዲት አሮጊት ቤት የምትሠራ፣ ወረቀቷ የተሟላ፣ ዓርብ ዓርብ ዕረፍት የሚሰጣት ዕድለኛ። እጇን ወደ ደረቷ ሰደደችና ኢቃማዋን አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«በዚህ ግቡ» አለች።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «እህቴ፣ ይኼ ውሸት ነው እኮ። ቢነቃበት ደግሞ ሁለታችሁንም ነው የሚያሳስራችሁ።»

«ውሸቱን ለኔ ይተዉት ጋሼ፤ እርስዎ መኪናውን ያቅርቡ።»

«ፎቶው ያንቺ ነው!»

«ለነሱ ሁላችንም አንድ ነን። ወላሂ፣ መዳም ራሷ ሦስት ዓመት ሙሉ በበፊቷ ሠራተኛ ስም ነው የምትጠራኝ።»

ታማሚዋ ከመሬት ላይ ሆና፣ ጥርሷን ነክሳ፣ «እኔ እኮ ካንቺ ቆንጆ ነኝ» አለች። አፋችንን በእጃችን አፍነን ሳቅን። ጋሼም ሳቁ፤ ከዚያ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና የመኪናቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ።

ሰፊው እስኪመለስ የቀረንን ግማሽ ሰዓት ሥራ ላይ አዋልኩት። ኢቃማው ላይ ያለውን ስም፣ የአባት ስም፣ የልደት ዓመትና የአሠሪዋን ስም ደጋግሜ አስጠናኋት። የማይስማማቸው መድኃኒት እንዳለ ሁለቱንም ጠየቅኩ። ሆስፒታሉ የሚይዘው ስልክ የእኔ እንዲሆን ወሰንኩ። ምንም የረሳሁት ነገር አልታየኝም። ያን ቀን ተሳክቶልናል፤ ፎቶውን ትኩር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም፤ ልጅቷ ከመምሸቱ በፊት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ በሦስተኛው ቀን ወጥታ ኢቃማው ለባለቤቱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ባለ ኢቃማዋ በመጣች ቁጥር ቀልዱ እሱ ሆነ። «እኔ እኮ ትርፍ አንጀት የሌለኝ ሴት ነኝ፤ መንግሥት ያውቃል» ትለን ነበር። እኔም ከሁሉ ጋር እስቅ ነበር። ታማሚ ድኖ ይሄዳል፤ ስለ እሱ የተጻፈው ግን እዚያው ይቀመጣል። ለጀማሪ ነርሶች ስንት ጊዜ ያስተማርኩትን ይህን ነገር ያን ቀን አላሰብኩትም።

ረመዳን ገባ። በአንድ ቀን ከቀትር በኋላ ስልኬ ጠራ፤ ባለ ኢቃማዋ ነበረች። «እህቴ፣ ሆዴ ቆርጦ ሊጥለኝ ነው። መዳም ሆስፒታል አምጥታኛለች። ያው ሆስፒታል ነው።» የመጨረሻውን ቃል ስትል ድምጿ ተለወጠ።

ስደርስ ድንገተኛ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። ወለሉ የመድኃኒት ሽታ ይሸታል፤ የማቀዝቀዣው ብርድ አጥንት ውስጥ ይገባል። አሮጊቷ አሠሪዋ ከመጋረጃው ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር። ወጣቱ ተረኛ ሐኪም ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ አላነሳም። «ትርፍ አንጀት ሊሆን አይችልም፤ ወጥቶላታል» አለ። «ጾም ነው። ጨጓራዋ ነው።» በልብሷ ላይ ሆዷን ነካ ነካ አደረገ፤ መርፌ አዘዘ፤ ሄደ።

ጎንበስ ብዬ እጄን አሳረፍኩ። ያው ቦታ ነበር።

«እነግራቸዋለሁ» አልኳት በአማርኛ።

ክንዴን ጨበጠች። «እንዳትናገሪ! መዳም እዚሁ ናት። ያቺን ልጅ ይወስዷታል፣ ሰፊውን ይወስዱታል፣ ጋሼንም። አንቺስ ብትሆኚ? ጨጓራ ነው ብሏል እኮ፤ ሐኪም ነው። ኢንሻአላህ ያልፋል።»

«የሚያነበው የሷን ፋይል ነው።»

«አውቃለሁ። ዝም በይ።»

ዝም አልኩ። ስለ እነሱ ስል ዝም ያልኩ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን የራሴን ኢቃማ በቦርሳዬ ላይ በጣቴ እየዳበስኩ እንደነበር አስታውሳለሁ። በየሩብ ሰዓቱ የልብ ምቷን ቆጠርኩ፤ ትኩሳቷን ለካሁ፤ መለካቱ ራሱ ሕክምና የሆነ ይመስል ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ የመቁጠሪያው ፍሬ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። እሷ ግድግዳውን ይዛ ትንፋሿን ትቆራርጠዋለች። ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፤ ሁለት ጊዜም ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ያህል እንዲህ አለፈ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት ፊቷ በድንገት ተፈታ። እግሯን ዘረጋች። «ለቀቀኝ!» አለች። «ለቀቀኝ እኮ እህቴ! አልሐምዱሊላህ!» አሮጊቷ ከውጭ ሰምተው፣ «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ መለሱላት። የምታልፈው ነርስ ፈገግ አለችልን። በዚያ ክፍል ውስጥ የደነገጠ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። እንዲህ ያለው ሕመም በአንድ ጊዜ ቀጥ የሚለው ሰው ሲሻለው ብቻ አይደለም፤ የታመመው ትርፍ አንጀት ሲፈነዳም ነው።

ወጣቱን ሐኪም አልፈለግኩትም። በኮሪደሩ ጫፍ አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ቴምር በእጃቸው ይዘው አዛን ይጠብቁ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ የማላውቀውን ወንድ እጅጌ ያዝኩ። «ዶክተር፣ ሆዷን በዓይንዎ ይዩልኝ» አልኳቸው። መጡ። ልብሷን ገለጥኩላቸው፤ ቆዳዋ ላይ አንድም ጠባሳ አልነበረም።

ሐኪሙ ኮምፒዩተሩን አዩ፤ ሆዷን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

«ሲስተር፣ ይህ ፋይል የማን ነው?»

«የእሷ አይደለም። ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አዛኑ ተሰማ። ባለ ኢቃማዋ ዓይኗን ጨፈነች። ከመጋረጃው ወዲያ መቁጠሪያው ቆመ። ሐኪሙ ወደ መጋረጃው ዞር አሉና፣ አሮጊቷ በሚሰሙት ድምፅ፣ «ፋይልም ይሳሳታል» አሉ። «ኸላስ! ያላ፣ ወደ ቀዶ ክፍል!» ቴምሯን ሳይቀምሷት ጠረጴዛው ላይ ጥለዋት ሄዱ።

ፈንድቶ ነበር። መግሉ ሆዷ ውስጥ ተሰራጭቶ ስለነበር ሁለት ጊዜ ተከፈተች፤ አንድ ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከአልጋ ተነሣች። ልጅ የመውለድ ነገሯ አጠራጣሪ እንደሆነ ሐኪሙ ለእኔ ነገሩኝ፤ ለእሷ የነገርኳት እኔ ነኝ። ፋይሉን እንዴት እንዳስተካከሉት አልጠየቅኳቸውም። አሮጊቷ ግን የዋህ አልነበሩም። ማንንም አልከሰሱም፤ ላትመለስ ወደ አገሯ የምትሄድበትን የመጨረሻ መውጫ ቪዛ አስመትተው፣ «ልጄ፣ እኔ አምኜሽ ነበር» ብለው አለቀሱ። ሰፊው ሱቁን አስረክቦ ሌላ ከተማ ሄደ፤ በውሰት ኢቃማ የታከመችው የአክስቷ ልጅ ጀራዲያ ወደሚባል ሌላ የሪያድ ሰፈር ተዛውራ ከዓይናችን ጠፋች፤ ዓርባችንም በዚያው ቀረ።

ባለ ኢቃማዋ ከበረራዋ ሁለት ቀን በፊት ቁስሏን ላይላት ወደ ክሊኒኬ መጣች። ከስታለች፤ ዓባያው ሰፍቷታል። ፋሻውን ለውጬ ስጨርስ ከአልጋው ሳትወርድ፣ «ወረቀት ጻፊልኝ» አለችኝ። «አገር ቤት ያለ ሐኪም ምን እንደሆንኩ ይወቅ። የኔን ብቻ፤ የሷን እንዳትቀላቅዪብኝ።»

የራሷን ስም፣ ዕድሜዋን፣ የሆነችውን ሁሉ በጥንቃቄ ጻፍኩ። በመጨረሻም ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ሕክምናው ሦስት ሰዓት ዘግይቷል» የሚል ጨመርኩ።

ማንበብ አትችልም ነበር። «አንብቢልኝ» አለች። አነበብኩላት፤ እዚያ ስደርስም አልዘለልኩም።

«ማን ነው ያዘገየው?»

«እኔ።»

«ዝም በይ ያልኩሽ እኮ እኔ ነኝ።»

«አንቺ ታማሚ ነበርሽ።»

አተኩራ አየችኝ። «ይህን የጻፍሽው ለሐኪሙ ነው ወይስ ለኔ?»

የእስክሪብቶዬን ክዳን መለስኩ።

«ሰርዢው» አለች። «እናቴ የተማረ ጠርታ ታስነብበዋለች። አገሩ ሁሉ ሰምቶ አንቺን እንዲረግምብኝ አልፈልግም።»

በሙያችን ደንብ የተጻፈ አይፋቅም፤ አንድ ቀጭን መስመር ይሰመርበታል፣ ከሥሩ ያለው ቃል መነበብ አለበት፣ ጎኑ ላይ ይፈረማል። እንደ ደንቡ አደረግኩ። ወረቀቱን ተቀበለችኝና ጣቷን በመስመሩ ላይ ቀስ ብላ አሳለፈች።

«ጠፋ?»

«ጠፍቷል» አልኳት።