ማንም ያልሞተበት ድንኳን

የጋሽ ገረመውን ስም ያወጣ ሰው ነገሩን አስቀድሞ የተረዳው ይመስላል። ስድሳን አልፈው፣ ጡረታ ወጥተው፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን እየኖሩ ዛሬም የማይገርማቸው ነገር የለም። ታክሲ ሲሳፈሩ በሩ ለምን በገመድ እንደሚዘጋ ረዳቱን ይጠይቃሉ። ሐኪም ዘንድ ከቀረቡ ሐኪሙ ከሚጠይቃቸው ይልቅ እሳቸው የሚጠይቁት ይበልጣል። የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሻንጣ የሚያመላልሰውን ቀበቶ ሲጠግኑ ነው፤ ያ ሁሉ የሰው ዕቃ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ሲያስቡ ኖረዋል። ሰፈር ውስጥ «ጋሽ ገረመው ጥያቄ ጀመሩ» ከተባለ ሥራ ያለበት ሰው መንገድ ይቀይራል።

ከጥያቄዎቻቸው ሁሉ ግን አንዱ ከትዳራቸው እኩል የኖረ ነው። ባለቤታቸው እንቁ የጎባ ልጅ ነበረች። ሳነቴ ላይ፣ ባሌ ተራራ አናት፣ ውሃ በጣሳ አስቀምጠህ ብታድር ጠዋት በረዶ ሆኖ ታገኘዋለህ ትላቸው ነበር። እሳቸው በጄ አላሉም። በረዶ ከሰማይ ይወርዳል እንጂ በእኛ አገር ጣሳ ውስጥ ምን ሲያደርግ ይገኛል? እንቁ ትስቅና «ሄደን እናያለና» ትላለች። እሳቸውም እሺ ለከርሞ ይላሉ። ከርሞ ሲመጣ ደግሞ ለሌላ ከርሞ ይተላለፋል። ካቻምና እንቁ ድንገት ታማ ሞተች፤ ክርክሩም ሳይቋጭ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ገረመው የሚፈልጉት አንድ ነገር ሆነ፦ ሳነቴ ላይ አንድ ጣሳ ውሃ አስቀምጠው ማደር። ከቦሌ እየተነሣ ተራራ የሚወጣ የወጣቶች ቡድን አገኙና እንጦጦንም ወንጪንም አብረው ወጡ። ወጣቶቹ መጀመሪያ ፈርተውላቸው ነበር፤ ኋላ የሰለቻቸው ጥያቄያቸው እንጂ እግራቸው አልነበረም። ቡድኑ በጥቅምት ባሌ እንደሚሄድ ሲሰሙ ስማቸውን ለማስመዝገብ የቀደማቸው የለም። የቡድኑ መሪ ሰምሃል ግን ቆፍጣና ልጅ ናት። እዚያ ላይ ቀን ዝናብና ነፋስ፣ ሌሊት ውርጭ ስለሆነ ሁሉም የራሱን ጠንካራ ድንኳን ይይዛል፤ ዝናብ ውስጥ ተክሎ ውስጡ ደረቅ መሆኑን በፎቶ ያላሳየ አይሄድም አለች። ለሽማግሌም የተለየ ሕግ የላትም።

ሰምሃልስ በፎቶ ትረታለች፤ የከበደው የሳምራዊት ነገር ነው። ሳምራዊት አንድ ልጃቸው ናት፤ ቦሌ ቡልቡላ ትኖራለች፣ ባንክ ትሠራለች። ነገሩን ሲያዋዩዋት ጉልበታቸውን አነሣች፣ ዕድሜያቸውን አነሣች፣ በመጨረሻም እውነተኛውን ምክንያት ተናገረች፤ ከእናቷ ሞት ወዲህ ድንኳን የሚባል ነገር ማየት ቀርቶ ስሙንም መስማት አትፈልግም። ጋሽ ገረመው እንቢ ብለው መሄድ ይችሉ ነበር፤ ማን ይከለክላቸዋል? ግን የልጃቸውን ቅሬታ ተሸክሞ ተራራ መውጣት አልሆነላቸውም። እሺ እንድትላቸው ፈለጉ። መጀመሪያ ድንኳኑ ይገኝ፣ ልመናው ይደርሳል ብለው ገበያ ወጡ።

መጀመሪያ የገቡት ኢምፔሪያል አካባቢ፣ በሩ ላይ «ድንኳን» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት ቤት ነው። ነፋስና ዝናብ የሚችል ጠንካራ ድንኳን እፈልጋለሁ አሉ። ሴትዮዋ ከመቀመጫዋ ተነሥታ እግዚአብሔር ያጽናዎት አለቻቸውና ለቀስተኛው ስንት እንደሚሆን፣ ወንበርም ይጨመር እንደሆነ በዝግታ ጠየቀቻቸው። ኧረ ድንኳኑ ለራሴ ነው ሲሏት ይባስ ደነገጠች። ነገሩ ከተብራራ በኋላ ግን ከልቧ ስቃ ወደ ገርጂ፣ ፍትዊ የሚባል ሰው ሱቅ መራቻቸው።

ፍትዊ በጉብዝናው ወራት ሰሜን ተራሮች ላይ ቱሪስት ይመራ የነበረ፣ አሁን የጉዞ ዕቃ የሚሸጥ ጎልማሳ ነው። ታሪኩን ሰምቶ አንድ ምክር ሰጣቸው፦

«ጋሼ፣ አዲስ አበባ ላይ ድንኳን ካሉ ወይ ሠርግ ነው ወይ ለቅሶ። ቴንት ይበሉ፤ አለበለዚያ ሰው ያስደነግጣሉ።»

ጋሽ ገረመው ምክሩን ሰሙት እንጂ አልያዙትም። ዓይናቸው ቀድሞ ሱቁ መሐል የተተከለ ሰማያዊ ድንኳን ላይ አርፏል። ሰው ቀጥ ብሎ ይቆምበታል፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ መጋረጃ ሁሉ አለው። ከጎኑ ደግሞ አመድማ፣ እንደ ተደፋ ድስት ዝቅ ያለ፣ ሰው በእንብርክክ ካልሆነ የማይገባበት ሌላ ድንኳን አለ። ሰማያዊውን እንደወደዱት ፍትዊ ገብቶታል። አላከራከራቸውም፤ እሳቸው ነፋስ ቢሆኑ የትኛውን እንደሚጥሉ ብቻ ጠየቃቸው። ጋሽ ገረመውን እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ነፋስ ሆነው ሱቁን ሁለት ጊዜ ዞሩና ሰማያዊውን ጣሉት።

ከዚያ በኋላ ፍትዊን ፈጣሪ ይርዳው። የሰማያዊው ዘንግ ፋይበር ነው፤ በብርድ ይሰነጠቃል። የአመድማው አሉሚንየም ነው፤ ነፋስ ሲጫነው ይለመጥና ይመለሳል፣ ዘንጎቹም ብዙ ቦታ ላይ ስለሚጠላለፉ አንዱ ሌላውን ይደግፋል። ጋሽ ገረመው ዘንጉን በጉልበታቸው ለምጠው አረጋገጡ። ወለሉ ለምን ጠርዙ እንደ ገበቴ ከፍ አለ? ጎርፍ እንዳይገባ። ስፌቱ ላይ ለምን ፕላስቲክ ተለጠፈ? ዝናብ የሚገባው በመርፌ ቀዳዳ ስለሆነ። ሁለት ልብስ ለምን አስፈለገው? የሰው ትንፋሽ ሌሊቱን ውሃ ሆኖ በውጭው ልብስ ላይ ስለሚያዝ፣ የውስጡ ልብስ የተኛው ሰው ላይ እንዳይንጠባጠብ ይከላከላል። ይህኛው እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ነበር። ሰው በገዛ ትንፋሹ ይርሳል? ካስማዎቹን በመዶሻ ሲመቱ የት በኩል እንደሚያዘነብሉ፣ ገመዱ ምን ያህል እንደሚወጠር ሁሉ ጠየቁ። በመጨረሻ ዚፑን ያዙ። ይህ የራሳቸው ሙያ ነው፤ ስንት የተተረተረ ሻንጣ ያየ ሰው በዚፕ አይታለልም። ፍትዊ እስኪያዛጋ ድረስ በአንድ እጃቸው ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ። አንድም ጊዜ አልተቀረቀረም።

ፍትዊ ይህ ዓይነት የአንድ ሰውም የሁለት ሰውም አለ፤ ለስንት ሰው ይሁን አላቸው።

«ለሁለት» አሉ።

መገናኛ ታክሲ ሲጠብቁ ነው የተናገሩት ነገር የገባቸው። አፋቸው የለመደውን ተናገረ። የአንድ ሰው የሚሆነው ቀላል ነበር፣ ለጀርባቸውም ይሻል ነበር። የድንኳኑን ከረጢት ዝቅ ብለው ተመለከቱት፤ መመለስ ግን አልፈለጉም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ነሐሴ ነውና ሰማዩ ከንጋት ጀምሮ በደመና ጠቁሯል። ግቢው ሁሉ ድንጋይ የተነጠፈበት ስለሆነ ካስማ የሚገባው ከሕንፃቸው ሥር ያለችው ሣር ላይ ብቻ ነው። እድሩም ድንኳን የሚተክለው እዚያው ነው፤ የእንቁም የተተከለው እዚያ ነበር። ጋሽ ገረመው ቦታዋ ላይ ትንሽ ቆም አሉ። ኋላ ተንበረከኩና ፍትዊ ያሳያቸውን አንድ በአንድ አደረጉ። ስልካቸው እንዳይረጥብ ቤት ትተውታል፤ ዝናቡ ሲያባራ አምጥተው ፎቶ ያነሣሉ። የውሃ ጣሳቸውን ይዘው ገቡና ዚፑን ዘጉ። ዝናቡም አላስጠበቃቸውም። ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ደረቅ ነው። ወለሉን ዳሰሱ፣ ደረቅ ነው። ደስታቸው ወሰን አጣ፤ የዝናቡን ድምፅ እያዳመጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

በዚህ መሐል ወይዘሮ ለተብርሃን ኪዳን አድርሰው ተመለሱ። በወዲያኛው ሕንፃ የሚኖሩ፣ የእድሩ ነገር የሚያንገበግባቸው ሴት ናቸው። በር ላይ ጃንጥላቸውን ሲያራግፉ ከሕንፃዎቹ መሐል አንድ አመድማ ነገር ታያቸውና ያ ምንድን ነው ብለው ጥበቃውን ጠየቁት። ጥበቃው ምን አጠፋ? ያየውን ተናገረ።

«የጋሽ ገረመው ድንኳን ነው።»

ወይዘሮ ለተብርሃን ግንቡን ተደገፉ። ወደ ጋሽ ገረመው ስልክ ደወሉ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሣው የለም። ብቻውን የሚኖር ሰው! መቼ ነው የሞቱት፣ ማንስ አገኛቸው ብለው እያለቀሱ ጎረቤቱን ቀሰቀሱ፣ ንፍሮ ይጣድ አሉ። ከዚያ ከባዱ ነገር መጣ፤ ለልጅቱ ማን ይንገራት? መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ወግ ነው። ስለዚህ ደወሉላትና ወጉ እንደሚያዘው ዋሿት።

«ሳሚዬ፣ ምንም የለም። አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል፤ ብቻ ነይ።»

ሳምራዊት ይህን ቃል ታውቀዋለች። ካቻምና የተነገራት ይኸው ነበር፣ የደወሉትም እኚሁ ሴት ናቸው። ሌላ ነገር አልጠየቀችም።

ጋሽ ገረመው የነቁት ዝናቡ ሲቀንስ፣ በሰው ድምፅ ነው። ሕንፃው በር ላይ ተጠልሎ ሰው ያለቅሳል። ማን ይሆን የሞተው ብለው ጆሯቸውን አቆሙ። አንዱ ጎረቤት እድሩ ለእሳቸው የላከው ይቺን ድንኳን ነው ወይ ብሎ ይቆጣል። ሌላው የወር መዋጮ አጓድለው እንደማያውቁ ይመሰክራል። ሟቹ ማን እንደሆነ የገባቸው ይህን ጊዜ ነው። መውጣት ነበረባቸው። ግን ጋሽ ገረመው ናቸውና ጥቂት ማዳመጥ ፈለጉ፤ ሰው በራሱ ለቅሶ ላይ ስለራሱ የሚባለውን የመስማት ዕድል መቼ ያገኛል? የወይዘሮ ለተብርሃን ድምፅ መጣ።

«ሲጠይቁን እንሸሻቸው ነበር። አሁን ማን ይጠይቀናል?»

ይህ አንጀታቸውን በላው። ሊወጡ ሲነሡ ከግቢው በር በኩል «አባዬ!» የሚል ጩኸት ሰሙ። ያን ጩኸት ያውቁታል፤ ካቻምና «እማዬ» ሲል ሰምተውታል። ባዳመጡባት በእያንዳንዷ ደቂቃ አፈሩ። ዚፑን ሳቡት፤ አልተቀረቀረም፣ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ከድንኳኑ ጭንቅላታቸው ብቅ ሲል ወይዘሮ ለተብርሃን በስመ አብ ብለው አማተቡ፣ ጥበቃው ወደ ኋላ ሸሸ። ሳምራዊት ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ተንበርክከው ሲደርሱባት በሁለት እጇ ትከሻቸውን መታቻቸው፣ ከዚያ አንገታቸውን ይዛ አልለቅም አለች።

ሰማዩ እንደገና ተቀደደ፤ አሁን በረዶ የቀላቀለ ነው። ለቀስተኛው ወደ ሕንፃው ሮጠ። እሳቸው የቀረባቸው ድንኳኑ ስለነበር ልጃቸውን ይዘው ገቡና ዘጉት። በረዶው ከላይ ይወቅጠዋል፣ ነፋሱ ከጎን ይገፋዋል፤ ዘንጉ ይለመጣል፣ ይመለሳል። አንዲት ጠብታ አልገባችም። ሳምራዊት ዙሪያውን አየች። ይቅርታ ጠየቋት፤ ስልካቸውን፣ ፎቶውን፣ እንቅልፉን፣ ሁሉንም አስረዷት። አትሂድ ካልሽኝ ደግሞ ነገውኑ ለፍትዊ እመልሰዋለሁ አሏት፤ ከልባቸው ነው። እሷ ግን ወለሉን በዓይኗ እየለካች ነበር።

«የሁለት ሰው ነው?»

«ለስንት ሲለኝ ለሁለት አልኩት። አፌ ለምዶበት ነው።»

ሳምራዊት ከጥግ ጣሳውን አንሥታ በእጇ አገላበጠችው። የእናቷንና የአባቷን ክርክር እየሰማች ነው ያደገችው፤ ጣሳው ምን እንደሚሠራ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«ውሃው በረዶ ባይሆንስ?» አለች።

«እንግዲያ እናትሽ ዋሽታኛለች።»

«እማዬ አልዋሸችም። ሄደን እናያለና።»

ጋሽ ገረመው ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለዚህ አንድ ቃል ስንት ጥያቄ ይጠይቁ ነበር። ማንን ጨምረሽ ነው? ከባንኩ ፈቃድ ታገኛለሽ ወይ? ጫማስ አለሽ? አንዱንም አልጠየቁም። ዝናቡ ረገብ ሲል ከውጭ ወይዘሮ ለተብርሃን ጮክ ብለው፣ ንፍሮው በስሏል፣ ሟች ቢጠፋም ሰው መብላት አለበት አሉ። ሳምራዊት ጣሳውን ይዛ ቀድማ ወጣች፤ እጇን ዘርግታም ከድንኳኑ ጎተተቻቸው።