የጋሼ ሰይድ እግርና የእመት ዘይነባ መቀነት

ወልድያ በነርስነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የአንዲት ሴትዮ ያበጠ እግር እንዳስር ታዘዝኩ። ከጉልበቷ ሥር ጀምሬ ወደ ታች ጠቀለልኩና ጥርቅም አድርጌ ቋጠርኩት። አለቃዬ ሲስተር ዘውዲቱ መጣችና ፈታችው።

"ደሙን ወደ ታች ነው የምትነጂው ወይስ ወደ ላይ?" አለችኝ፣ እዚያው በሽተኛዋ ፊት! መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ከዚያ አሳየችኝ። መጀመሪያ በእግር ጀርባ ላይ የደም ምት ይፈለጋል፤ ምቱ ከጠፋ እግሩ አይጠቀለልም፣ ሐኪም ይየው ተብሎ ይላካል። ምቱ ካለ ከጣቶቹ ሥር ይጀመራል፣ ተረከዝ ይሸፈናል፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ፣ ወደ ባት ሲወጣ ላላ እያለ ከጉልበት በታች ያልቃል። ይህን ይዤ ወደ መርሳ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ፤ ቁስል ክፍሉም የእኔ ሆነ።

ጦርነቱ ሲመጣ ከልጆቼ ጋር ሸሸሁ። ስመለስ ጤና ጣቢያው ተዘርፏል። መቀሱ የለ፣ ፋሻው የለ፣ የአልጋው ፍራሽ እንኳ የለ። ባዶው ክፍል ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ፤ ከዚያ መጥረጊያ ተውሼ ጠረግሁት።

መጀመሪያ የመጡት ጋሼ ሰይድ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ገበያ ቆመው እየዋሉ ጤፍ የሸጡ ሰው ናቸው። የባታቸው ደም መላሽ ሥር ገመድ አክሎ ተጠማዟል፤ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ መዳፍ የሚያህል ቁስል ያዣል። ባለቤታቸው እመት ዘይነባና ልጆቻቸው በእግር ሲሸሹ እሳቸው መራመድ አቅቷቸው ብቻቸውን ቤት ቀርተው ነበር።

"ልጄ፣ ነገሩ ተመልሶ ቢመጣ ሁለተኛ ብቻዬን አልቀርም። ወይ አድኚው ወይ ቁረጪው" አሉኝ።

ምቱን ፈለግሁ፤ አለ። ፋሻ ግን ከየት ይምጣ? እመት ዘይነባ መቀነታቸውን ከወገባቸው ፈቱ።

"ሌላ መቀነት አላጣም። ባል ግን በዚህ ዕድሜዬ ማን ይሰጠኛል?"

"ትሰሚያታለሽ!" አሉ ጋሼ ሰይድ።

መቀነቱን ቀቅዬ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ ቁስሉን አጥቤ፣ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኜ ጠቀለልኩ። "እኔ እስክፈታው እንዳይነኩት። ቆመው አይዋሉ፣ ይራመዱ። ሲተኙ እግርዎን ጆንያ ላይ ከፍ ያድርጉ" አልኳቸው።

በሳምንቱ መጡ። መቀነቱ ላልቷል፣ ርሷል፤ ቁስሉም ብሷል። እንደገና አሰርኩ። በሌላው ሳምንትም ያው! እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

"ጋሼ ሰይድ፣ ይቀልዱብኛል እንዴ?" ብዬ ጮህኩ።

አንገታቸውን ደፉ። እመት ዘይነባ አላስቻላቸውም። "ይንገሯት እንጂ!" አሏቸው።

"ልጄ፣ ለውዱእ እግር መታጠብ አለበት" አሉ ቀስ ብለው። "በቀን አምስት ጊዜ እፈታዋለሁ። ብነግርሽ ሶላቱን ይተዉት ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።"

ወይ እኔ! ስንት ዓመት ከሙስሊም ጎረቤቶቼ ጋር ግድግዳ ተጋርቼ ስኖር፣ ለሶላት ሲታጠቡ በየቀኑ እያየሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ይህን አላሰብኩም። በጣም አፈርኩ። ያኔውኑ ተነሥተን ወደ መስጊዱ ኢማም ሄድን።

"አብሽሩ!" አሉ ኢማሙ። "የታሰረ ቁስል አይፈታም። በእርጥብ እጅ ከላዩ ላይ ማበስ ይበቃል።"

እኔም ጨመርኩበት፦ "ሶላቱንማ እንዳይተዉ። ጎንበስ ቀና ሲሉ ቁርጭምጭሚትዎ ይታጠፋል፤ ባትዎ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል።"

"ታዲያ ግማሹን መድኃኒት ስወስድ ነው የከረምኩት በይኛ!" ብለው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ መቀነቱ ሳይፈታ መምጣት ጀመረ። እብጠቱ ጎደለ፤ የቁስሉ ዳር አዲስ ቆዳ አወጣ፣ ከሳምንት ሳምንት ጠበበ። ክረምቱ ሲገባ ገጠመ። "አልሐምዱሊላህ፣ እንፍታው" ቢሉኝ እምቢ አልኩ፤ ሥሩ የደከመ እግር ቁስሉ ቢድንም ድጋፍ ይፈልጋል። ጠዋት ከመኝታቸው ሳይወርዱ ራሳቸው እንዲጠቀልሉ አስተማርኳቸው።

ነሐሴ ላይ ከሰሜን በኩል እንደገና ተኩስ ተሰማ። ሰው ወደ ውርጌሳ መንገድ ወጣ፤ እኔም ጓዜን ተሸክሜ ወጣሁ። መንገድ ላይ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን በትከሻቸው አድርገው ይራመዳሉ። በባታቸው ላይ መቀነቱን አየሁት።

"ምነው ዘገየሽ ልጄ? ልሸከምሽ እንዴ?" አሉኝ ዞረው። እመት ዘይነባ ከጎናቸው ናቸው። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል ሳቅኩ፤ እንባዬም መጣ።

ውርጌሳ ስንደርስ ዛፍ ሥር ጋደም ብለው እግራቸውን ጓዛቸው ላይ ሰቀሉ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ከጣታቸው ጀምረው ነው የጠቀለሉት። ጥቂት አረፉና ተነሡ፤ መቀነቱን በእርጥብ እጃቸው አብሰው ከቤተሰባቸው ጋር ሰገዱ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ለአዲሶቹ ነርሶች የምለው ይኸው ነው፦ ፋሻ ከጣት ይጀመራል። ከዚያ በፊት ግን በሽተኛው ቤቱ ሲገባ ለምን እንደሚፈታው ይጠየቃል።